ሳሙና የተቀቡ አድማጮቼ

ልጅ ሆኜ መጽሐፍ የምመርጠው በውፍረቱ ነበር። ማለቴ፣ ባለመወፈሩ። የትምህርት ቤታችን የላይብረሪ ሴትዮ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ "ምን ዓይነት ነው የምትፈልገው?" ስትለኝ፣ "ቀጭን" አልኳት።

"ቀጭን የመጽሐፍ ዓይነት አይደለም።"

"እሺ፣ ከሲታ።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ በአገጯ ወደ መደርደሪያው ጠቆመችኝ። ጣቴን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እያስሮጥኩ ሄድኩ ሄድኩና፣ ሁለት ወፋፍራሞች መሃል ተጨፍልቆ ትንፋሽ ያጠረው የሚመስል አንድ አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማለች። ሴትዮዋ ተቀበለችኝና ኋላውን ገለጥ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

"እርግጠኛ ነህ ግን?"

በአመራረጤ የተደነቀች መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ፣ "በጣም!" አልኳት።

የቤት ሥራው እንዲህ ነበር፦ የመረጥከውን መጽሐፍ ታነባለህ፣ ክፍል ፊት ትቆማለህ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃልህ ትናገራለህ። ቲቸር የሁላችንንም ምርጫ አንድ በአንድ ሰምታ፣ "በቃ፣ ከእንግዲህ መቀየር የለም" አለችን። እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ዛሬ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ባወራላቸው አያምኑኝም። የታክሲ ረዳት ነኝ፤ በር ላይ ተንጠልጥዬ ስጮህ ነው የምውለው። ተሳፋሪ ቢሰድበኝ አጥፌ እመልስለታለሁ፣ ትራፊክ ፖሊስ እንኳ አስቄ አልፋለሁ። ትምህርቱ ብዙም አልገፋልኝም፤ ስለዚህ የማወራው እንዳመጣልኝ ነው፣ ስህተት የለቀመ ለራሱ ያስቀምጠው።

ያኔም ወሬኛ ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ "ሬዲዮ" ነበር የምባለው፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ዶሮ የማን ግቢ እንቁላል እንደጣለች ከእኔ ነበር የሚሰማው። ይሄ ሬዲዮ ታዲያ ክፍል ፊት ሲቆም ጭጭ። ከዚያ በፊት በነበረው መንፈቅ ዓመት ቲቸር አውጥታኝ "ተናገር" ስትለኝ አፌ ተከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ምላሴ የሌላ ሰው ምላስ ሆነብኝ። ያ ሁሉ ጭንቅላት ዓይኑን ቁልጭ ቁልጭ እያደረገ ያየኛል። እኔ ምን አደረግኩ? ቀስ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ከፈትኩት፣ ወጣሁ፣ ደግሞ በትህትና መልሼ ዘጋሁትና ቀጥ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ቦርሳዬ እንኳ እዚያው ቀረ። ከኋላዬ፣ "ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያ ሳቅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ስሜ "ባትሪ" ሆኖ ቀረ።

ቤቴ ስል የአጎቴን ፀጉር ቤት ማለቴ ነው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ሙያው ፀጉር አስተካካይ። እናቴ ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ስለነበር ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ከፊት ሱቁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እኛ። ከፊት አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የላጠ ትልቅ መስታወት፣ የሽቶና የሳሙና ሽታ፤ ከኋላ ሁለት አልጋና አንድ ቡታጋዝ። የሰው ፀጉር ምግባችን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ከትራሴ ቀና ስል ጉንጬ ላይ ያደረ የሰው ጢም አገኝ ነበር፤ ያደግኩ መስሎኝ ደስ እያለኝ ወደ መስታወቱ እሮጣለሁ።

ጋሼ ወንደላጤ ነበር፣ ወሬ ይችላል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት እስኪነሳ አፉ አያርፍም። ጢም ሲላጭ ግን አንድ ሕግ ነበረው። ሰውየውን እስከ አፍንጫው ድረስ በአረፋ ይቀባውና ምላጩን ከፍ አድርጎ፣ "የሳቀ ይቆረጣል!" ይላል። ከዚያ ነው የሚያስቅ ወሬውን የሚጀምረው። ሰውየው ሆዱ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየወረደ፣ ፊቱን ግን እንደ ሐውልት አድርጎ ይቀመጣል። ለጋሼ ከዚህ የበለጠ ደስታ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ጀርባ ተኝቼ የሽመላዋን መጽሐፍ እያነበብኩ ሳለ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ልታስል መጣች። መቀሱ መሳያ ድንጋዩ ላይ ሲፋጭ ይሰማኛል።

"እህትህ ደወለች አይደል ትናንት?" አለችው። ስልክ ያለው እሷ ቤት ነው፤ እናቴ የምትደውልልን እዚያ ነው።

"ደወለች።"

"እና?"

"ልጁ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላለም አሉኝ ትላለች። ይሄ ትምህርት ቤት አልሆነውም፣ አሁንም አፉን ካልፈታ ዓመቱ ሲያልቅ እወስደዋለሁ ነው የምትለው።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"'ውሰጂው' አልኳት።"

"'ውሰጂው' አልካት? አፍህ እንዴት እሺ አለህ አንተ ሰውዬ!"

"ምን ልበል ታዲያ? እናቱ እኮ ናት። እኔ ምን አለኝ፣ ፀጉር መሃል ነው የማሳድገው።"

"ተው እንጂ! ፊትህን እየው፣ ትታመማለህ።"

"ምን ሆንኩ? ፀጉር ዓይኔ ገብቶ ነው። እንቺ መቀስሽን።"

የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ውሰጂው"። በቃ፣ ጋሼ ሰልችቶኛል። ያለፈው ሳምንት የሽቶውን ጠርሙስ ሰብሬበታለሁ፣ የቄሱን... አይ፣ እሱ ይቅር። ብቻ ሊያባርረኝ ምክንያት አላጣም። የሚያድነኝ አንድ ነገር ነው፦ ክፍል ፊት ቆሜ መናገር። ከተናገርኩ እቀራለሁ፤ ካልተናገርኩ ልብሴ በፌስታል ታስሮ መኪና ላይ ነኝ። እናቴን ጠልቼ አይደለም። እናቴ በስልክ ውስጥ የምትኖር፣ ከረሜላ የምትልክ፣ ደስ የምትል ድምፅ ነበረች። ጋሼ ግን ጋሼ ነው።

ዓይኔን ጠርጌ መጽሐፉን ቀጠልኩ። ታሪኩ የአንድ የመጋዘን ዘበኛ ነው። አንዲት ክንፏ የተሰበረ ሽመላ በሩ ላይ ወድቃ ያገኛል። ጓደኞቿ ትተዋት በረዋል። ሰውየው አንስቶ የዘበኛ ቤቱ ውስጥ ይደብቃታል፣ ከራሱ ምሳ እያካፈለ ያበላታል፣ ክንፏን በሻርፑ ያስርላታል። ሌሎቹ ሠራተኞች ይስቁበታል። እሷም ምስጋና የማታውቅ ናት፣ አልጋውን ቀምታው መሬት ታስተኛዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወራት ያልፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰማዩ በሽመላ ይሞላል፤ ጓደኞቿ ተመልሰው መጥተዋል። ዘበኛው ሻርፑን ይፈታላታል። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ "ዘበኛውም በሩን ከፈተ። ሽመላዋም"

ገለጥኩ። ሽፋኑ ነው።

ወደኋላ ገልጬ እንደገና መጣሁ። ሽፋኑ። ጣቴን ስሰድ የተቀደዱ ገጾች ሥር ሥሩ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ቀርቷል። ለካ መጽሐፉ የከሳው ተቀዶ ነው! የላይብረሪዋ ሴትዮ "እርግጠኛ ነህ?" ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጮኼ አለቀስኩ።

መጋረጃው ተገለጠ። ጋሼ በአንድ እጁ ምላጭ፣ በሌላው ብሩሽ።

"ማን ሞተ?"

"መጨረሻ የለውም!"

"ምኑ?"

"መጽሐፉ! ተቀዷል! አይቀየርም ብላለች ቲቸር! ክፍል ፊት ልቆም ነው፣ መጨረሻውን አላውቀውም፣ መጀመሪያውንም መናገር አልችልም!"

ጋሼ መጽሐፉን አገላብጦ አየና፣ "መጨረሻው ይቆየንና" አለ፣ "መጀመሪያውን ለምንድን ነው የማትችለው?"

"ያዩኛላ። ይስቁብኛላ።"

ወደ ሱቁ ዞር ብሎ አየ። ወንበሩ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር እስከ አፍንጫው በአረፋ ተቀብቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጠብቃል። ጋሼ ፈገግ አለ።

"ና ውጣ። እዚህ ጋ ቁም። ይሄ ሰውዬ አይስቅብህም፣ አያሾፍብህም። ምላጩ እኔ እጅ ነው።" ከዚያ ወደ ሹፌሩ፣ "የሳቀ ይቆረጣል! ቀጥል አንተ።"

መስታወቱ ጎን ቆምኩ። ከአረፋው በላይ ሁለት ዓይኖች አዩኝ። "አንድ" አልኩ። "አንድ የመጋዘን..." "ዘበኛ" የሚለው ቃል እስኪወጣኝ ምላጩ ሙሉ ጉንጭ ወርዶ ነበር። ሹፌሩ ግን አልተነፈሰም። ጋሼ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲላጭ አይቼው አላውቅም። ሽመላዋ እስክትወድቅ ግራ ጉንጭ፣ ሻርፑ እስኪታሰር አገጭ። ሰማዩ በሽመላ ሲሞላ ጋሼ ፎጣውን ሹፌሩ ደረት ላይ ጣል አደረገና፣ "ውሃውን ልድፋ" ብሎ ወጣ።

"ዘበኛውም በሩን ከፈተ። ሽመላዋም" ብዬ አቆምኩ።

ሹፌሩ አረፋውን በፎጣ ጠራርጎ፣ "ከዚያስ?" አለ።

"አላውቅም፣ ተቀዷል።"

"ምን ማወቅ ይፈልጋል! ወፍ አይደለች? ትበራለች እንጂ! ዘበኛ ቤት ውስጥ ጡረታ ልትወጣ ነው?"

በነጋታው ደግሞ ሌላ ሰው ተቀባ፣ እኔም ቆምኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁልጊዜ አንድ አረፋ የተቀባ ሰው ይጠብቀኛል። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ፤ እሳቸው ጋ ስደርስ ድምፄ መንቀጥቀጡን ትቷል። ጨርሼ ፊታቸው ሲጠረግ፣ "የትም አትሄድም" አሉ፣ "ሰውየው ብቻውን ሊቀር ነው እንዴ?" ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ሳሙና የገባባቸው መስሎኝ ውሃ አመጣሁላቸው።

ከሁሉም የሚመላለሰው ራሰ በራው የመብራት ሠራተኛ ነበር። ጢሙ ገና ሳይበቅል ይመጣል። አገጩ እንደ እንቁላል ጥርት ብሎ ጋሼ ይቀባዋል፣ ምላጩን ያሳልፍበታል። ይሄ ሰውዬ ንጽሕና ይወዳል ብዬ አከብረው ነበር። የእሱ መጨረሻ ደግሞ፣ "መንጋውን በሙሉ ጠርታ ዘበኛው ቤት ታስገባለቻ! ቦታ ይጠፋል?" የሚል ነበር።

ባለፈው ዓመት ታክሲያችን ላይ ተሳፍሮ አገኘሁት። አርጅቷል፣ አገጩ ግን እንደዚያው ነው። አወቀኝ። "አንተ ሬዲዮ! ስንት ጊዜ ነው ባዶ ፊቴን ያስላጨኸኝ! ቆዳዬ ተልጦ ሚስቴ 'ሌላ ሴት አለችህ፣ ለማን ነው የምታምረው?' ብላ ልትፈታኝ ነበር እኮ!" አለኝ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ለካ ጋሼ ደንበኞቹን እየዞረ ለምኖ ነው። "ልጄ የሚናገርበት ፊት እፈልጋለሁ፣ ፊትህን አውሰኝ" ነበር የሚላቸው። ልጄ ነው ያለው። ያን ቀን በር ላይ ተንጠልጥዬ ሁለት ፌርማታ ሳልጠራ አለፍኩ፤ ሾፌሩ ሰደበኝ።

ያኔ ግን ይህን የት አውቄ! ዓይኔ ያየው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም መጨረሻውን ይጠይቀኛል፣ ጋሼ ብቻ አይጠይቀኝም። ሰማዩ በሽመላ ሲሞላ ሁልጊዜ የውሃውን ሳፋ አንስቶ ይወጣል። ሳፋው ባዶ ሲሆን እንኳ አንስቶት ይወጣል። ታሪኬ ሰለቸው፣ እኔም ሰለቸሁት አልኩ በሆዴ። ልብስ ሰፊዋ ናት ካደግኩ በኋላ የነገረችኝ፤ ሳፋውን ይዞ የሚሄደው እሷ ጋ ነበር። በሯ ላይ ይቆምና፣ "አሁን ጨርሶ ይሆን?" ይላታል። "ገብተህ ስማ እንጂ፣ ምን አስፈራህ?" ስትለው፣ "ብትሄድስ?" ይላታል።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ጋሼ ፀጉሬን አበጥሮ፣ ሽቶ ነፍቶብኝ፣ እንደ ሙሽራ አድርጎ ላከኝ። ሱቁን ዘግቶ ሊከተለኝ እንደፈለገ አየሁ፤ ግን፣ "ሂድ በል፣ ደንበኛ አለብኝ" አለኝ። ደንበኛ አልነበረም።

ቲቸር "ና" አለችኝ። ወጣሁ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ዞር ብዬ፣ አፌን ስከፍት ከኋላ ወንበር አንዱ፣ "ባትሪ ግዙለት!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ያኔ ነው እኔና ጋሼ የረሳነው ነገር ብልጭ ያለልኝ። ስለማመድ የከረምኩት አፉ በሳሙና የተደፈነ ሰው ፊት ነው! ከእነዚህ አንዱም ሳሙና አልተቀባም። አፍ ያለው ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። በሩን አየሁት። ቅርብ ነው፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ። አንድ እግሬ ወደዚያ ሄደ። ከበሩ ውጪ ግን ያ ፌስታል ታየኝ፣ ያ መኪና። ከበሩ ውጪ ጋሼ የለም።

"የሳቀ ይቆረጣል!"

ክፍሉ ጸጥ አለ። የጮኸው ማን እንደሆነ እኔም ዞር ብዬ ልፈልግ ነበር። ድምፁ የጋሼ ነው፣ አፉ የእኔ። እጄም ምላጭ እንደያዘ አየር ላይ ቀርቷል።

"ማን ነው የሚቆርጠው?" አለች ቲቸር።

"እኔ ነኝ ቲቸር። ማለቴ... እኛ ቤት ጢም ሲላጭ እንደዚህ ነው የሚባለው። የተቀባ ሰው አይስቅም።"

ቲቸር ከንፈሯን ነክሳ ቆየች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች፣ "ተቀብተናል። ቀጥል" አለች። የፊት ወንበር ልጆች እሷን አይተው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ። ከዚያ ሁሉም፣ ያ የኋላ ወንበሩም ሳይቀር። ያን ሁሉ አገጭ ሳይ እኔው ራሴ ሳቄ መጣ። ከሳቄ ጋር ድምፄ መጣ።

"አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነበር።"

ነገርኳቸው። ሽመላዋ አልጋ ስትቀማ ሳቁ፣ አልቆረጥኳቸውም። ሻርፑ ሲታሰር ዝም አሉ። ሰማዩ በሽመላ ሲሞላ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ልጅ ነበር። "ዘበኛውም በሩን ከፈተ። ሽመላዋም" አልኩ፤ መጽሐፉ እዚያ ላይ አለቀ።

የሹፌሩ መጨረሻ፣ የጡረተኛው መጨረሻ፣ የራሰ በራው መጨረሻ፣ ሦስቱም ምላሴ ላይ ነበሩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሽመላዋም ተቆጣች" አልኩ።

"ለምን ተቆጣች?" አለች ቲቸር።

"በሩን ሲከፍትላት 'ሰለቸሁት፣ ውጪ እያለኝ ነው' ብላ አሰበቻ። ስለዚህ 'አልወጣም' ብላ አልጋው ላይ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች።"

"ዘበኛውስ?" አለ ያ የኋላ ወንበር ልጅ፣ ባትሪ ግዙለት ያለው።

"ዘበኛውማ ጮኸባት። 'አንቺ ጉደኛ! ማን ውጪ አለሽ? ንፋስ ይግባ ብዬ እኮ ነው የከፈትኩት!' አላት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወጣ ብላ ጓደኞቿን ሰላም አለችና ለእራት ተመለሰች።"

ቲቸር አገጯን አወረደች። "መጽሐፉ ላይ እንደዚህ ይላል?"

"መጽሐፉ ላይ ምንም አይልም ቲቸር። ተቀዷል።"

ክፍሉ እንደገና ፈነዳ። ሳቁ ግን የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም፤ ይሄኛው ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

እስከ ቤት ሮጥኩ። ጋሼ ራሰ በራውን ግማሽ ፊቱን ላጭቶት ነበር፣ ግማሹ ገና በአረፋ ነው።

"ተናገርኩ!" አልኩ በሩ ላይ ሆኜ። "ሁሉንም!"

ምላጩ ቆመ። "መጨረሻውን" አለ፣ "ምን አልክ?" ሲጠይቀኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ስለ ቁጣዋ ነገርኩት፣ ስለ አልጋው፣ ስለ ግድግዳው። "ከዚያ 'ማን ውጪ አለሽ? ንፋስ ይግባ ብዬ ነው የከፈትኩት' አላት" አልኩት።

ጋሼ አልሳቀም። ፊቱ ተለዋወጠ። መጨረሻውን አበላሽቼዋለሁ፣ መብረር ነበረባት ብዬ ደነገጥኩ። ምላጩን አስቀምጦ፣ ከነሽርጡ፣ ቃል ሳይናገር ወጥቶ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ራሰ በራው በግማሽ አረፋው፣ "ኧረ ፊቴን!" እያለ ቀረ። እኔ ተከተልኩት።

ልብስ ሰፊዋ ገና ሲገባ ስልኩን ገፋ አደረገችለት። ቁጥሩን መታ፣ የሆቴሉን ሰው "እህቴን ጥሩልኝ" አለው። የእናቴ ድምፅ ከእጀታው ውስጥ ለእኔም ተሰማኝ።

"ሄሎ? ወንድሜ? ምነው በዚህ ሰዓት? ልጁ ደህና ነው?"

ጋሼ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የሚያውቅ፣ ደንበኛ ተቀምጦ እስኪነሳ የማያርፍ ሰውዬ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ጨብጦ ጭጭ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቁማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"ሄሎ? ኧረ አናግረኝ! ምን ሆነ ልጄ?"

እጀታውን ከጋሼ እጅ ወሰድኩት።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ። ጋሼ ጉሮሮውን አሞት ነው፣ እኔ ልንገርሽ። ክፍል ፊት ተናገርኩ! እስከ መጨረሻው! አትወስጂኝም አይደል?"

"እዚያው መሆን ነው የምትፈልገው?" አለችኝ።

"አዎ። ጋሼ እሺ ካለ።"

ጋሼ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። ሽርጡን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት። አፍንጫውን ሊያብስ መሰለኝ።

"እሺ ብሏል" አልኳት።

"እንግዲያው አልወስድህም" አለች። "ትምህርት ሲዘጋ ሲዘጋ ትመጣልኛለህ። አሁን ንገረኝ እስቲ፣ ምን ብለህ..." ከዚያ ድምፅዋ ተቆረጠ። ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። መስመሩ የተበላሸ መሰለኝ፤ ስለዚህ እንዲሰማት ይበልጥ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፦ "አንድ የመጋዘን ዘበኛ ነበር..."